ድምፅ የሌለው ካሜራ በላስታ አገር

መቼም የፎቶ ፍቅር ክፉ ነው። የያዘው ሰው ቁርሱን ይረሳል፣ ቀጠሮውን ይረሳል፣ አስፋልት ዳር ተንበርክኮ አንዲት ቅጠል ሲያነጣጥር ባለ ታክሲው ጡሩንባ ይነፋበታል። እኛም አራት ሆነን በዚህ ነገር ተለክፈናል። አንዱ የባንክ ሠራተኛ ነው። አንዷ ነርስ ናት። ሦስተኛው ሠላሳ ዓመት ሙሉ ሠርግ ሲያነሱ የኖሩ፣ ሁላችንም «ጋሼ» የምንላቸው ባለሙያ ናቸው። አራተኛው እኔ ነኝ። ቅዳሜ ከሰዓት ቡና ላይ ስንገናኝ ወሬያችን ሌላ አይደለም። ስለ ሌንስ ነው፣ ስለ ባትሪ ነው፣ ስለ ብርሃን ነው። የቤት ሰዎቻችን ሰልችቷቸው ትተውናል።

ዛሬ ላጫውታችሁ የፈለግሁት በጥር 2011 ዓ.ም. አራታችን ላሊበላና የላስታ ተራሮች ላይ ስላሳለፍነው ሳምንት ነው። ፎቶ የምትወዱ ካላችሁ ለመንገዳችሁ የሚሆን ምክር አለበት። የማትወዱም ብትሆኑ አንድ ቀን ሰው ካሜራ ሊደግንባችሁ ይችላልና አንብቡት።

መስታወት አልባው

ነገሩ ላልገባው ባጭሩ ላስረዳ። የድሮው ትልቅ ካሜራ ሆዱ ውስጥ መስታወት አለ። በሌንሱ የገባው ብርሃን መስታወቱ ላይ ነጥሮ ወደ ዓይናችሁ ይመጣል። ስትጫኑት መስታወቱ ብድግ ይላል፣ መዝጊያው ይከፈትና ይዘጋል፣ «ቀጭ!» የሚል ድምፅ ይሰማል። አዲሱ ካሜራ ይህን መስታወት አውጥቶ ጥሎታል። ብርሃኑ በቀጥታ ምስል ተቀባዩ ላይ ያርፋል፤ እናንተ የምታዩት ማያው ቀዳዳ ውስጥ ያለችውን ትንሽ ስክሪን ነው። ፈረንጆቹ «ሚረርለስ» ይሉታል፣ እኛም እንደዚያው እንላለን።

ፓናሶኒክ እ.ኤ.አ. በ2008 ጂ1 የተባለችውን ሲያወጣ እንደ መጫወቻ የቆጠሯት ብዙ ነበሩ። በ2013 ሶኒ ትልቅ ምስል ተቀባይ ያላቸውን የኤ7 ካሜራዎች ሲያመጣ ሳቁ ቀነሰ። በ2018 ኒኮንና ካኖንም በትልቁ ገቡበት። እኛ ላስታ ስንወጣ የባንኩ ሰውና ነርሷ አዲሱን ይዘዋል፤ የእሱን ወንድሙ ከአሜሪካ የላከለት ነው፣ የእሷ ያገለገለ ነው። ጋሼና እኔ ያው የድሮውን፣ ባለ መስታወቱን አንግተናል።

አዲሱ ሦስት ነገር አለው። አንደኛ ቀላል ነው። ይህ ደግሞ ላሊበላ ላይ ቀልድ አይደለም። ከተማዋ ራሷ 2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት፤ ከበላይዋ ያለችው አሸተን ማርያም ከ3,000 ሜትር በላይ ናት። የጋሼን ቦርሳ በፈረቃ ተሸክመን ያንን አቀበት ስንወጣ፣ ነርሷ የእሷን በአንድ ትከሻዋ አንጠልጥላ ቆሎ እየቆረጠመች ከፊት ከፊታችን ትሄድ ነበር። ሁለተኛ፣ ፎቶው ምን እንደሚመስል ከመጫናችሁ በፊት ያሳያችኋል። ሦስተኛው ዝምታው ነው። ከፈለጋችሁ አንዳች ድምፅ ሳያሰማ መቶ ፎቶ ያነሳል። የዛሬው ጨዋታዬ ዋናው እሱ ነው።

ቀይ ድንጋይ፣ ነጭ ነጠላ

ከዛሬ 500 ዓመት በፊት፣ እ.ኤ.አ. በ1520ዎቹ ከፖርቱጋል መልእክተኞች ጋር የመጣው ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ እነዚህን አብያተ ክርስቲያናት አይቶ ሲጽፍ፣ አንባቢዎቼ አያምኑኝም ብሎ ስለ ፈራ እውነት መሆኑን እስከ መማል ደርሷል። ካሜራ ቢኖረው መሐላ ባላስፈለገው ነበር። ዛሬ ደግሞ ፎቶውን እያሳየኸውም «ኮምፒዩተር የሠራው ነው» የሚል አይጠፋም። ዘመን ዞሮ ዞሮ እዚያው!

ላሊበላን ማንሳት ከባድ የሚያደርገው ብርሃኑ ነው። አሥራ አንዱም አብያተ ክርስቲያናት ከአለት ወደ ታች የተፈለፈሉ ናቸው። ውስጣቸው ጨለማ ነው፤ ውጭው ደግሞ ዓይን የሚወጋ የደጋ ፀሐይ ነው። ድንጋዩ ቀላ ያለ ነው፣ ሰዉ ደግሞ ነጭ ለብሷል። ካሜራው ጨለማውን አይቶ ብርሃን ሲጨምር ነጠላው ነዶ ወረቀት ይሆናል። ነጠላውን ላድን ስትሉ ደግሞ ፊት ይጠፋል። እዚህ ላይ አዲሱ ካሜራ ውለታ ይውላል፤ ነጠላው መንደዱን እዚያው በስክሪኑ ታያላችሁ፣ አንድ ደረጃ ብርሃን ትቀንሳላችሁ፣ አለቀ። እኔና ጋሼ ግን አንስተን፣ አይተን፣ እንደገና አንስተን ነው።

ቤተ ጊዮርጊስን በማለዳ ሂዱ። ፀሐይዋ ዝቅ ብላ ስትወጣ መጀመሪያ የምትነካው የጣሪያውን መስቀል ነው፤ ጉድጓዱ ገና በጥላ እንደተሞላ ነው። ያቺ ጊዜ አጭር ናት። ከዚያ በኋላ ብርሃኑ ቀስ እያለ ግድግዳውን ይወርዳል፣ ድንጋዩ ላይ ያደረው ቢጫ ሽበት መሳዩ ሻጋታ ይታያል። ቤተ መድኃኔዓለምና ቤተ ማርያም ላይ ግን እ.ኤ.አ. በ2008 ከዝናብ መከላከያ የተሠራው ትልቅ መጠለያ አለ። ብዙ ጎብኚ «ፎቶዬን አበላሸብኝ» ብሎ ይነጫነጫል። እኔ የምለው፣ መጠለያው ፀሐይዋን ስለሚያለዝብላችሁ ለሰው ፊት ጥሩ ብርሃን ይሰጣል። ምሰሶውን ትታችሁ ሰዉን ተመልከቱ።

ዝምታው የባረከን ቦታ

ከተማው ሁለት ቀን ከቆየን በኋላ ወደ ላይ ወጣን። ይምርሐነ ክርስቶስ ከላሊበላ 40 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ከንጉሥ ላሊበላ በፊት የነበረው የዛጉዌው ንጉሥ ያሠራው፣ ትልቅ ዋሻ ውስጥ የተቀመጠ ቤተ ክርስቲያን ነው። አለት የተፈለፈለ አይደለም፤ እንጨትና ድንጋይ እየተደረበ የተገነባ ነው። እዚያ ጨለማ ውስጥ ነርሷ ካሜራዋን ደረቷ ላይ አስጠግታ፣ ትንፋሿን ይዛ፣ ያለ ፍላሽና ያለ መቆሚያ አነሳች። የእሷ ካሜራ ምስል ተቀባዩ የእጅን መንቀጥቀጥ የሚያካክስ ነው። አንድ አባት ጥግ ላይ ዳዊት ይደግሙ ነበር። አስቀድማ አስፈቅዳቸው ነበርና ቀና ሳይሉ ቀጠሉ። ጋሼ አንድ ጊዜ ቢጫኑት ዋሻው ሁሉ አስተጋባ። አፍረው ካሜራቸውን ወደ ቦርሳ መለሱት።

ዋሻው ውስጥ፣ ከቤተ ክርስቲያኑ በስተጀርባ፣ የብዙ ሰዎች አፅም አለ። አስጎብኚያችን «ብታነሱም የሚከለክላችሁ የለም» አለን። ተያይተን ተውነው።

ከዚያ አቡነ ዮሴፍ። ጫፉ ከ4,200 ሜትር በላይ ነው። ጓሳው፣ ጅብራው፣ ንፋሱ! ሌሊት ውኃ በረዶ ሠርቶ ያድራል። ጭላዳ ዝንጀሮዎቹ ገደል ላይ አድረው ፀሐይ ስትሞቅ ወደ ሜዳው ይወጣሉ፤ ቁጭ ብላችሁ ብትጠብቁ ሣራቸውን እየነጩ አጠገባችሁ ይደርሳሉ። ቀይ ቀበሮ ግን ሌላ ነው። በዓለም ላይ ከኢትዮጵያ በቀር የትም የለም፤ ያለውም በጥቂት መቶዎች የሚቆጠር ነው። በሦስተኛው ቀን ማለዳ አንዱ አይጥ ሊያድን አድብቶ ሲሄድ አየነው። እኔ ተጫንኩ፤ «ቀጭ» ሲል ጆሮውን አቁሞ ወደ እኛ ዞረ። የባንኩ ሰው ግን በዝምታ ሃያ ሠላሳ አነሳ፤ ቀበሮው አይጡን ይዞ እስኪሄድ ድረስ መኖራችንን አልቆጠረውም። ያን ዕለት ማታ ድንኳን ውስጥ እሳቸው ሳይቀሩ «አዲሱን ልገዛ ነው መሰለኝ» አሉ ጋሼ።

ቀበሮ ፈቃድ አይጠየቅም። እስከዚህ ድረስ ነገሩ ቀላል ነበር።

ጥር 21፣ ቤተ ማርያም

ለአስተርዮ ማርያም ወደ ከተማ ተመለስን። ሌሊቱን ካህናቱ በከበሮና በጸናጽል ሲያመሰግኑ አድረው፣ ጎህ ሲቀድ ግቢው በነጭ ነጠላ ተሞልቶ ነበር። እኛም ተፈቅዶልን ዳር ዳሩን ቆመናል።

ማታ ምግብ ቤት ቁጭ ብለን እንደ ልማዳችን የየራሳችንን ስናሳይ፣ የባንኩ ሰው አንድ ፎቶ አወጣ። እውነቴን ነው የምላችሁ፣ ሁላችንም ዝም አልን። አንዲት እናት ናት። ግንባሯን ቀዩ ድንጋይ ላይ አስደግፋ፣ ነጠላዋ ከራሷ ተንሸራቶ፣ እንባዋ ጉንጯ ላይ ቆሟል። ከጎን የገባው ብርሃን የድንጋዩንም የፊቷንም ሽብሽብ አንድ አድርጎታል። ከአራታችን ፎቶ ሁሉ የሚበልጠው እሱ ነበር።

ነርሷ ነች የጠየቀችው፤ «አውቃለች?»

«ድምፅ የለው፣ በምን ታውቃለች? ሁለት ሜትር ላይ ነበርኩ» አለ በኩራት።

ክርክር ተነሳ። የባንኩ ሰው ሞኝ አይደለም፣ የሚለው አለው። «ታላላቅ የሚባሉት ፎቶዎች ሁሉ ተጠይቀው ነው እንዴ የተነሱት? ብጠይቃት እንባዋን ትጠርጋለች፣ ነጠላዋን ታስተካክላለች፣ ፎቶው ይሞታል» አለ። እውነት አለው። ጋሼ ብርጭቋቸውን አስቀምጠው፣ «እኔ ሙሽራ ስታለቅስ ስንት ጊዜ አንስቻለሁ። ግን ሙሽራዋ ጠርታኝ ነው የሄድኩት» አሉ።

አስጎብኚያችን፣ የአገሩ ልጅ ነው፣ ስክሪኑን አቅርቦ አየና «እኚህን እናት አውቃቸዋለሁ» አለ። ልጃቸውን ከቀበሩ ሦስት ወር አልሞላቸውም። ቤታቸው ከገበያው በላይ ነው። «ይህን ፎቶ ልታወጣው ካሰብክ፣ ነገ አብረን ሄደን አሳያቸው» አለው። የባንኩ ሰው ትንሽ አቅማማ። ሄደ ግን፣ ይመሰገናል። እኔም ተከተልኩ።

እናትየው ጠላ ካልቀመሳችሁ ብለው አስቀመጡን። ፎቶውን ሲያሳያቸው ረጅም ጊዜ አዩት። አልተቆጡም፤ ነጠላቸውን ወደ ፊታቸው ሳብ አደረጉና፣ «ልጄ፣ ይኼን እኮ ለእመቤቴ ብቻ ነበር ያሳየሁት» አሉ።

ከዚያ በኋላ ምን ይባላል? የባንኩ ሰው ጆሮው ቀላ። እዚያው፣ እያዩት፣ አጠፋው። «አጥፋው» አላሉትም። እስከ ዛሬ ድረስ ነገሩ ሲነሳ «ባላጠፋውስ?» የሚል ይኖራል መሃላችን። እኔ መልሴ አጭር ነው፤ ፎቶው ቢያሸልም ኖሮ ሽልማቱ የእኛ፣ እንባው የሳቸው ነበር።

ልንነሳ ስንል ግን እሳቸው ራሳቸው «ቆይ፣ ከመጣህ አይቀር ደህና አድርገህ አንሳኝ» አሉት። ጓዳ ገቡ። ጥለት ያለው ቀሚሳቸውን ለብሰው፣ ፀጉራቸውን አስተካክለው ወጡ። በእጃቸው የልጃቸውን ጉርድ ፎቶ ይዘዋል፤ ለመታወቂያ የተነሳው ነው፣ ጥፍር የምታህል። ደረታቸው ላይ ከፍ አድርገው ያዙትና በሩ ፊት ቀጥ ብለው ቆሙ። የባንኩ ሰው ይህን ጊዜ የካሜራውን ድምፅ ከፈተው። «ቀጭ» ሲል ፊታቸው ፈታ አለ። «አነሳኸኝ?» «አዎ እማማ።» «በል ሁለተኛ ድገመው።»

በእኛ ሚዛን ፎቶው ተራ ነው። ፎቶ ቤት ግድግዳ ላይ የሚሰቀል ዓይነት። አዲስ አበባ ተመልሰን ጋሼ ራሳቸው በትልቁ አሳጥበው፣ በመስታወት አስገብተው፣ የጉርዷንም ፎቶ ለብቻ አሳድገው በሰው እጅ ላኩላቸው።

ከዚያ ወዲህ

የሆነውን ታውቃላችሁ። በመጋቢት 2012 ዓ.ም. ኮሮና ገባና እንግዳ ጠፋ። በ2013 ዓ.ም. ክረምት ጦርነቱ ላሊበላ ደረሰ፤ ከተማዋ እስከ ታኅሣሥ 2014 ዓ.ም. ድረስ ከእጅ ወደ እጅ ስትገባ ከረመች። መብራትም ስልክም ለወራት ተቋርጦ ነበር። በእንግዳ የሚኖረው አስጎብኚ፣ በቅሎ አከራይ፣ መስቀል ቀራጭ፣ ሁሉም ባዶ እጁን ቀረ።

መስመሩ ሲመለስ አስጎብኚያችን ደወለ። ስለ ራሱ ብዙ አላወራም። እናትየው ግን ወደ ገጠር ዘመድ ቤት ሲሸሹ፣ መስታወቱን ሰብረው ፎቶውን ብቻ በመቀነታቸው ጠቅልለው እንደወሰዱት፣ ሲመለሱም እንደገና እንደሰቀሉት ነገረን። ያቺ ጥፍር የምታህለው ጉርድ ፎቶ ግን ጠፍታለች። ልጃቸው አሁን ያለው እሳቸው ደረት ላይ ነው፣ በዚያ ተራ ባልነው ፎቶ ውስጥ።

የባንኩ ሰው ይህን ሲሰማ ዝም አለ። እኛም።

ለምትሄዱ

እንግዲህ ምክር ወደማለቱ ልመለስ።

በመጀመሪያ ድምፁ። በቅዳሴና በማኅሌት ጊዜ፣ ከተፈቀደላችሁ፣ አጥፉት፤ ጸሎት መረበሽ ነውር ነው። ከአንድ ሰው ፊት ለፊት ስትቆሙ ግን ክፈቱት። የድሮው «ቀጭ» ደጅ እንደ ማንኳኳት ነበር፤ ሰውየው ይሰማል፣ ዞር ይላል፣ ካልወደደ «ተው» ይላል። አዲሱ ካሜራ ሳያንኳኳ ይገባል። ድምፅ የሌለው ካሜራ ያለው ሰው አፉ ድምፅ ሊኖረው ይገባል። ማኅሌቱንም ሙሉ በሙሉ በዝምታው አታንሱት፤ ብዙዎቹ ካሜራዎች በዝምታ ሲያነሱ ምስሉን ከላይ ወደ ታች ረድፍ በረድፍ ስለሚያነቡ፣ የሚወዛወዘው መቋሚያ እንደ ማጭድ ጎብጦ ይወጣል። አንዳንድ መብራት ሥር ደግሞ ፎቶው ላይ ጥቁር ጥቁር መስመር ይጋደማል።

ፍላሽ ፈጽሞ። ለጥንቱ ሥዕል አይበጅም፣ ለሰውም ዓይን አይበጅም። ላሊበላ ላይ መስቀል ይዘው ለጎብኚ የሚቆሙ አንዳንድ ካህናት ጥቁር መነጽር የሚያጠልቁት ለማማር አይደለም፤ የፍላሹ ብልጭታ መሯቸው ነው።

ባትሪ። መስታወት አልባው ስክሪኑ ሁልጊዜ ስለሚበራ ባትሪ ይበላል። አቡነ ዮሴፍ ላይ ደግሞ ብርዱ ይጨምርበታል። ቢያንስ ሦስት ያዙ፤ ማታ ጋቢያችሁ ውስጥ ይዛችኋቸው ተኙ። ተራራው ላይ መሰኪያ አታገኙም፣ ፓወር ባንክ አይለያችሁ።

አቧራ። የበጋው አቧራ ዱቄት ነው። አዲሱ ካሜራ ሌንሱ ሲወልቅ ብዙውን ጊዜ ምስል ተቀባዩ እርቃኑን ይቀራል። አጥፉት፣ አፉን ወደ መሬት አዙሩት፣ ነጠላ ወይም ቦርሳ ከልላችሁ ቶሎ ቀይሩ።

ፈቃድ ያለው የአገሩን አስጎብኚ ያዙ። ማንን መጠየቅ እንዳለባችሁ፣ የቱ ቦታ እንደሚከለከል፣ ማን ሐዘን ላይ እንዳለ የሚያውቅ እሱ ነው። ለእሱም እንጀራው ነው። ከመነሳታችሁ በፊት ደውላችሁ የመንገዱንና የአካባቢውን ሰላም ጠይቁት።

በመጨረሻ፣ «እልክልዎታለሁ» ካላችሁ ላኩ። ላስታ ውስጥ ስንቱን ሽማግሌ ብትጠይቁ «አንድ ፈረንጅ አንስቶኝ ነበር፣ አንድ የአዲስ አበባ ልጅ አንስቶኝ ነበር» ይሏችኋል። ፎቶውን ያየው ግን የለም። ዛሬ ሁሉም ስልክ ውስጥ ነው የሚቀረው፤ አሳጥቦ ለመላክ የሚጠይቀው የአንድ ምሳ ሂሳብ ነው። ከአስጎብኚው ስም ጎን የተነሺውን ሰፈር ጻፉ፣ በተመለሳችሁ በሳምንቱ ላኩ። ካሜራችሁ መስታወት ይኑረው አይኑረው፣ እሳቸው ቤት ግድግዳ ላይ ግን መስታወት ገብቶ ይሰቀላል።

መልካም መንገድ።